ኤ.አር. 15 ጠመንጃን ከካሊፎርኒያ ሕግ ጋር ማስማማት፦ ደረጃ በደረጃ

«ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ ልዛወር ነው፤ ጠመንጃዬን ምን ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ መሣሪያቸውን በኔቫዳ፣ በቴክሳስ ወይም በቨርጂኒያ ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ የገዙ ሰዎች ናቸው። እዚያ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ጠመንጃ፣ አንድም ብሎን ሳይቀየርለት የካሊፎርኒያን ድንበር ቢሻገር ባለቤቱን እስር ቤት ሊያስገባው ይችላል። ለማስተካከል የሚያስፈልገው ሥራ ግን መፍቻ መያዝ የሚችል ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከምመልስ ሙሉውን እዚህ አስፍሬዋለሁ። መመሪያው የሚያገለግለው ለካሊፎርኒያ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ግዛቶች ሕግ ይለያል፤ ስለ ጥቂቶቹ ወደ መጨረሻው ላይ አንስቻለሁ።

ሕጉ የሚከለክለው ምንድን ነው?

የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 30515 የሚመለከተው ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃን ነው፤ ያውም ጥይቱ ከቀለሁ ቂጥ መሀል ላይ ተመትቶ የሚተኮስ ከሆነ። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ከሚከተሉት በአንዱ ምክንያት «የጥቃት መሣሪያ» ይባላል።

አንደኛ፣ የጥይት ካዝናው (ካርታው) በቀላሉ የሚነቀል ሆኖ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ስድስት ነገሮች አንዱ ካለበት፤ ሁለተኛ፣ ካዝናው የማይነቀል ቢሆንም ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ከሆነ፤ ሦስተኛ፣ የጠመንጃው ጠቅላላ ርዝመት ከ30 ኢንች (76.2 ሳንቲ ሜትር) ካነሰ።

ስድስቱ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- ከጠመንጃው አካል በታች ጎልቶ የወጣ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ
- አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ሰደፍ
- የሚታጠፍ ወይም እየተሳበ የሚረዝምና የሚያጥር ሰደፍ
- የቦምብ ወይም የብርሃን ምልክት መተኮሻ
- አፈሙዙ ላይ የሚገጠም የብልጭታ ማፈኛ
- ከምላጩ ፊት ለፊት የተገጠመ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ

አንዱ ይበቃል። አምስቱን አንስቶ አንዱን የተወ ሰው ምንም እንዳልነካ ነው የሚቆጠረው። ከሱቅ እንደወጣ ያለ ኤ.አር. 15 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ይዞ ይመጣል፤ እጀታውን፣ የሚሳበውን ሰደፍና የብልጭታ ማፈኛውን።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የተከለከሉትን ነገሮች በሙሉ አንስቶ የሚነቀለውን ካዝና ማቆየት ነው። ሁለተኛው የተከለከሉትን ትቶ ካዝናው እንዳይነቀል ማድረግ ነው። እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው፤ ጥይት ሲነክስ ካዝናውን መዝዞ ማውጣት መቻል የደኅንነት ጉዳይ ነውና። በዝርዝር የማስረዳውም እሱን ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

*ስሙን ያንብቡ።* በጠመንጃው የታችኛው አካል (ምላጩና የካዝናው ማስገቢያ ባሉበት ግማሽ) ጎን ላይ የአምራቹና የሞዴሉ ስም ተቀርጿል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በስም ጠቅሳ የከለከለቻቸው መሣሪያዎች ዝርዝር አላት፤ በ2000 ሌሎች ተጨምረውበታል። «ኮልት ኤ.አር. 15» እና «ቡሽማስተር ኤክስ.ኤም. 15» የተባሉት እዚያ ውስጥ አሉ። በስም የተጠቀሰን ጠመንጃ ምንም ዓይነት ዕቃ መቀየር አያድነውም፤ ይዘውት አይምጡ፤ ባሉበት ግዛት በሕጋዊ ነጋዴ በኩል ይሽጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገጣል፦ «ኤ.አር. 15» የዚህ ዓይነት ጠመንጃ የጋራ መጠሪያ ስለሆነ ሁሉም የተከለከለ ይመስለዋል። ወሳኙ ብረቱ ላይ የተቀረጸው አምራችና ሞዴል ነው፤ የግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ቃል በቃል ያስተያዩት።

*ጭራሽ ላያስፈልግዎ ይችላል።* በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ጠመንጃና በቀለሁ ጠርዝ ላይ የሚመታው ባለ .22 ጠመንጃ በዚህ አንቀጽ ውስጥ አይገቡም። በአገራችን ሲሞኖቭ የሚባለው ኤስ.ኬ.ኤስ. የራሱ ባለ 10 ጥይት የማይነቀል ካዝና ካለው በዚህ በኩል ችግር የለበትም፤ የሚነቀል ካዝና የሚቀበለው ግን በስም የተከለከለ ነው።

*የመኖሪያ ፈቃድዎን ሁኔታ ይወቁ።* ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጉብኝት፣ በተማሪነት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ለመባረር የሚያበቃ ምክንያት ይሆንበታል። ለዜጋ በእስር ብቻ የሚያልቀው ስሕተት ለእርስዎ የኑሮ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሌላም ይጨመርበት፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በመጀመሪያው የተከለከሉ ዕፆች መደብ ውስጥ ነው፤ ማሪዋናም ካሊፎርኒያ ብትፈቅደውም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የፌዴራሉ ሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሣሪያ እንዳይዝ ያዛል፤ ሲገዙ የሚሞሉት ቅጽም ይህንኑ ይጠይቃል። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራው የት ይሠራ?

ለውጡን የሚያደርጉት ድንበሩን ከመሻገርዎ በፊት ነው። የጥቃት መሣሪያን ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባትም ሆነ እዚያ መሥራት በቁጥር 30600 መሠረት 4፣ 6 ወይም 8 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። «ቤት ገብቼ ተረጋግቼ እቀይረዋለሁ» ማለት አይሠራም። ጠመንጃው ቀድሞውኑ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለና ካልተስተካከለ፣ መኪና ውስጥ ጭነው ወደ ጥገና ሱቅ አይውሰዱት፤ መጀመሪያ የዚህን ዘርፍ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክንፍ ያለው እጀታ፣ ወይም እጀታና ሰደፉን ባንድ ላይ የሚተካ እንደ ቶርድሰን ያለ ሰደፍ
- የማይሳብ ሰደፍ (የሚሳበው ሰደፍ አሁን በሚንሸራተትበት ቱቦ ላይ የሚገባ ቢሆን ይመረጣል)
- የአፈሙዝ ጥርስ መሸፈኛ ክዳን፤ ለ5.56 እና ለ.223 የጥይት መጠኖች ጥርሱ ½×28፣ ለ.308 ደግሞ ⅝×24 ነው
- ባለ 10 ጥይት ካዝናዎች
- ረጅም ጠፍጣፋ ካቻቪቴና ብሩጎላ (የመጀመሪያው እጀታ ብሎን ጠፍጣፋ ነው፤ በኋላ የተቀየረ ከሆነ ብዙ ጊዜ 3/16 ብሩጎላ ይፈልጋል)
- ¾ ኢንች መፍቻ
- ሞርሳና የላይኛውን አካል ሳይጎዳ የሚይዝ የፕላስቲክ መያዣ
- ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ሜትርና እርሳስ
- የዓይን መከላከያ መነጽር
- ጠርዝ ያለው ትሪ ወይም ነጭ ጨርቅ፤ የሚወድቁት ክፍሎች ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጡም

አሠራሩ

1. ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙሩ፤ ካዝናውን ያውጡ፤ ማቀባበያውን ወደኋላ ስበው ክፍት ያድርጉት። የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንዎ ብቻ ሳይሆን ትንሿን ጣትዎን ከትተው ያረጋግጡ። ከዚያ ጥይት የተባለ ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ ካዝናውን ሳያወጡ ማቀባበያውን ስበው ቢለቁት ሌላ ጥይት ያጎርሳል።

2. በርሜሉን ይለኩ። ማቀባበያውን ለቀው ጠመንጃውን ዝጉት። የእንጨቱን ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ የተዘጋውን ብረት ፊት ሲነካ ይቆማል። በርሜሉ ራሱ የሚያልቅበትን ቦታ ዘንጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ያውጡትና ይለኩ። ከ16 ኢንች (40.6 ሳንቲ ሜትር) ማነስ የለበትም።

ይህ እርምጃ መጀመሪያ ላይ የገባው በምክንያት ነው። አንዳንድ ጠመንጃዎች 14.5 ኢንች በርሜል ኖሯቸው የብልጭታ ማፈኛው በፒንና በብየዳ ለዘለቄታው ስለተያያዘ ብቻ 16 ኢንች የሚሞሉ ናቸው። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ ማፈኛውን ራስዎ አይንኩት። ባወለቁት ቅጽበት እጅዎ ላይ ያለው አጭር በርሜል ያለው ጠመንጃ ይሆናል፤ እሱም በፌዴራል ሕግ ሳይመዘገብ መያዝ የማይፈቀድ ነው። ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ባለሙያ ሰጥተው በርሜሉን ያስቀይሩ፣ ወይም ብልጭታ በማያፍን ዕቃ ለዘለቄታው ያስተኩ። ብየዳው የት እንዳለ ለማወቅ የማፈኛውን የታች ጎን በደማቅ መብራት ይዩ፤ የተሞላች ክብ ነጥብ ትታያለች።

3. ለሁለት ይክፈሉት። የኋላውንና የፊቱን ፒን ወደ ጎን ገፍተው የላይኛውን አካል ከታችኛው ይለዩ። ሁሉም ነገር ተቀይሮ እስኪያልቅ አይገጣጥሟቸው። ሥራው በዚህ መንገድ ይቀላል፤ ዋናው ግን ተለያይተው ሳሉ የሚተኮስ ጠመንጃ የለም ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ጠመንጃ ከክፍሎች የሚገጥሙ ሰዎችም ይህን ሥርዓት መጠበቅ አለባቸው፤ እጀታው፣ ሰደፉና አፈሙዙ ሳይስተካከል ሁለቱን አካላት ማገናኘት የተከለከለ መሣሪያ መሥራት ነው።

4. እጀታውን ይቀይሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝግታ ይሂዱ።

የታችኛውን አካል ገልብጠው እጀታው ወደ ላይ እንዲያይ አድርገው ይያዙት። ብሎኑ የሚገኘው በእጀታው ባዶ ሆድ ውስጥ ከታች በኩል ነው። ብሎኑን ከመፍታትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ በእጀታው ቀኝ በኩል፣ ከላይ ጫፉ ላይ ባለች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ቀጭን ሞላ (ስፕሪንግ) አለች። ሞላዋ የመጠንቀቂያ ቁልፉን በቦታው የምታቆም ሹል ብረት ትገፋለች። እጀታውን መንጭቀው ካወጡት ሞላዋ ትፈናጠራለች። ብሎኑን ፈተው እጀታውን ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ያንሱት፤ ሞላዋን በሁለት ጣት ይዘው ትሪው ላይ ያኑሩ። አካሉ እንደተገለበጠ ካቆዩት ሹሏ ብረት ከጉድጓዷ አትወድቅም።

አዲሱን እጀታ ሲገጥሙ ሞላዋን በእጀታው ጉድጓድ ውስጥ ያቁሟት፤ ሌላኛው ጫፏ በሹሏ ብረት ላይ እንዲያርፍ አድርገው እጀታውን ቀጥ ብሎ ያስጠጉ። ሞላዋ ከታጠፈች የመጠንቀቂያ ቁልፉ ይላላል፣ ወይም ጭራሽ አይዞርም። ብሎኑን በእጅ ኃይል አጥብቁት፤ የታችኛው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ ያለፈ ጉልበት ጥርሱን ይበላዋል።

አሁን ወደ ሕጉ። የግዛቱ ደንብ «የሽጉጥ ዓይነት እጀታ» የሚለው፣ በሚተኩሱበት ጊዜ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው የመዳፍ ሥጋ ከምላጩ የሚታይ ክፍል የላይኛው ጫፍ በታች እንዲያርፍ የሚያስችልን ነው። ክንፍ ያለው እጀታ አውራ ጣት ዞሮ እንዳይጨብጥ ያግዳል። እጀታና ሰደፉን ባንድ ላይ የሚተካው ሰደፍ ደግሞ እጅን ከምላጩ መስመር በላይ ያስቀምጠዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከምላጩ የላይኛው ጫፍ ተነስቶ ቀጥታ ወደኋላ የሚሄድ መስመር በዓይንዎ ያስምሩ፤ ከዚያ በቀኝም በግራም እጅዎ መሸነፍ እንደማይፈልግ ሰው ለመጨበጥ ይሞክሩ። አውራ ጣትዎ በሆነ መንገድ ዞሮ ከመስመሩ በታች ከጨበጠ ክንፉ አጭር ነው፤ ይመልሱት። እጀታና ሰደፍን የሚያያይዝ ዓይነት ከገዙ በመካከሉ የቀረው ክፍተት አውራ ጣት የሚያሳልፍ መሆን አለመሆኑንም ይዩ፤ ከአንዱ ክልከላ ሸሽቶ ሌላው ውስጥ መግባት እንዲህ ነው።

5. ሰደፉን ይቀይሩ። የሚሳበው ሰደፍ ከሥሩ ማስተካከያ ዘንግ አለው። ዘንጉን ከተለመደው አልፈው ወደ ታች ስበው ሰደፉን ከቱቦው ጫፍ ያንሸራትቱ፤ ይወጣል። በዚያው ቱቦ ላይ የሚገባ የማይሳብ ሰደፍ ገዝተው ከሆነ ከመመሪያው ጋር በመጣው ብሎን ማሰር ብቻ ይቀራል። ቱቦው ራሱ መቀየር ሳያስፈልገው የሚያልቀው ይህ መንገድ ነው፤ ሌላውን አልመክርም። ቱቦውን ወደ ረጅሙ ከቀየሩ በውስጡ ያለው ተንሸራታች ክብደትና ሞላም አብረው መቀየር አለባቸው፤ የአጭሩና የረጅሙ አይቀላቀሉም። የኋላው ፒን ሞላም በዚያው በኩል ስለሚታፈን ቱቦው ሲፈታ የሚፈናጠር ነገር ይበዛል።

ያለዎትን ሰደፍ ማቆየት ከፈለጉ በአንድ ቦታ ላይ ለዘለቄታው ማሰር ይቻላል፦ በትራፓኖ በስቶ ፒን መምታትና በኤፖክሲ ማጣበቅ። በተራ ብሎን ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ብቻ የታሰረ፣ በብሩጎላ የሚፈታ ሰደፍ ይዘው ፖሊስ ፊት መከራከር ግን አይመኙ።

6. የብልጭታ ማፈኛውን ያንሱ። የላይኛውን አካል በፕላስቲክ መያዣው ውስጥ አድርገው በሞርሳ ያስጠብቁ። አሉሚኒየሙን በቀጥታ በሞርሳ መንከስ ያጣምመዋል። በ¾ መፍቻው ከአፈሙዙ ፊት ሆነው ሲያዩት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ያዙሩ። ከሥሩ የሚወጣው ሮንዴላ አንዴ የተጨፈለቀ ስለሆነ ይጣሉት። ጥርሱን በጨርቅ አጽድተው መሸፈኛ ክዳኑን በእጅ ያስገቡ፤ ጥቂት ብቻ በመፍቻ ያጠብቁት። ክዳኑ ጥርሱን ከግጭት ይጠብቃል፤ ካሊፎርኒያ ጥርሱን ራሱን አትከለክልም።

የጠመንጃውን ምት የሚቀንሰው ዕቃ፣ በገበያ ብሬክ የሚባለው፣ በካሊፎርኒያ ይፈቀዳል። ወጥመዱ በሁለቱ መካከል ያለው ድብልቅ ነው፦ ደንቡ ብልጭታን ይቀንሳል ተብሎ የተዋወቀን ወይም በተግባር የሚቀንስን ዕቃ ሁሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ማፈኛ ይለዋል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የአምራቹን መግለጫ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ «ብልጭታ» የሚል ቃል ካዩ ይለፉት። ጥርጣሬ ካለዎት ክዳኑ ብቻ ይበቃል።

7. የፊቱን እጀታ ያውልቁ። ከእጅ መያዣው ሥር ቀጥ ብሎ የቆመ እጀታ ካለ ይነሳ። ዘንበል ያሉ ዓይነቶች ላይ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ደንቡ ከምላጩ ፊት ለፊት የሽጉጥ ዓይነት ጭበጣ የሚያስችልን ስለሚል ባዶ መያዣ ከሁሉም ያስተማምናል።

8. ካዝናዎቹን ይተኩ። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባት ክልክል ነው፤ ባዶ ቢሆንም፣ በሻንጣ ውስጥ ቢሆንም። 30 የሚይዘውን ሞልተው ሳይሆን 10 ብቻ ከትተው መያዝም አያድንም፤ የሚቆጠረው የሚይዘው መጠን ነው። በፒንና በኤፖክሲ ለዘለቄታው ወደ 10 የተቀነሰ ካዝና ይፈቀዳል። ድሮ የነበሩትን ለጓደኛ ይስጡ ወይም ይሽጧቸው።

9. ይግጠሙ፣ ይፈትሹ፣ ይለኩ። ሁለቱን አካላት ያገናኙ። ጥይት በሌለበት አቀባብለው መጠንቀቂያውን ያብሩና ምላጩን ይሳቡ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። መጠንቀቂያውን አጥፍተው ይሳቡ፤ ይወድቃል። ምላጩን እንደሳቡ ይዘው እንደገና ያቀባብሉ፤ ከዚያ ምላጩን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት አለብዎት። አንዱ ካልሠራ የእጀታውን ሞላ እንደገና ይዩ፤ ሳይስተካከል አይተኩሱበት።

ከዚያ ጠቅላላ ርዝመቱን ከበርሜሉ ጫፍ እስከ ሰደፉ ጫፍ ይለኩ። ክዳኑ ወይም ብሬኩ ለዘለቄታው ካልተበየደ በርዝመቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ አውልቀው ይለኩ። 30 ኢንች ላይ የደረሰውን ሳይሆን አንድ ኢንች እንኳ ትርፍ ያለውን እመርጣለሁ፤ ሜትር የሚይዝ ሌላ እጅ እንደ እርስዎ አይለካምና።

10. ሰነድ ይያዙ፣ ያስመዝግቡ። የገዟቸውን ዕቃዎች ደረሰኝና የአምራቹን መግለጫ ከተስተካከለው ጠመንጃ ፎቶግራፍ ጋር ያስቀምጡ። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በተቆለፈ ሣጥን ያጓጉዙ። ካሊፎርኒያ ከገቡ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ የአዲስ ነዋሪ መሣሪያ ማሳወቂያ ቅጽ ለግዛቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ማስገባት ግዴታ ነው። ቅጹ ያልተስተካከለን ጠመንጃ ሕጋዊ አያደርግም፤ እንዲያውም በራስ ላይ መመስከር ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በአጭሩ፦ የማይነቀል ካዝና

እጀታውንና ሰደፉን እንዳሉ ማቆየት የሚፈልግ ሰው የካዝና መቆለፊያ ይገጥማል። መለኪያው ይህ ነው፦ ካዝናው ጠመንጃው ሳይከፈት መውጣት የለበትም። በኤ.አር. 15 ላይ የኋላው ፒን ወጥቶ የላይኛው አካል በፊቱ ፒን ላይ ተንጠልጥሎ ሲነሳ ብቻ ካዝናው መለቀቅ አለበት። ለመፈተሽ ጠመንጃውን ዘግተው የካዝና መልቀቂያውን በጣት፣ በጥይት ጫፍ፣ በካቻቪቴም ይግፉት፤ ካዝናው ንቅንቅ ካለ አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተለመደው፣ በጥይት ጫፍ የሚጫን ቁልፍ ከዚያ ዓመት ወዲህ «የማይነቀል» ተብሎ አይቆጠርም። የ10 ጥይቱና የ30 ኢንቹ ገደብም እንዳለ ነው፤ በሚሳብ ሰደፍ ላይ ርዝመቱ የሚለካው በጣም ባጠረበት ቦታ ነው።

የዚህ መንገድ አደጋ ጥይት ሲነክስ ይታያል። ቀለህ ተጣብቆ ተንሸራታቹ ብረት ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ የላይኛው አካል አይነሳም፤ ካዝናውም አይወጣም፤ እጅዎ ላይ የቀረው ጥይት ያለበት የተዘጋ ጠመንጃ ነው። እንዲህ ሲሆን አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ የመተኮሻ ቦታውን ኃላፊ ይጥሩ፤ እየነቀነቁ አይታገሉ።

ስለ ሌሎች ግዛቶች

በዚህ መመሪያ የተስተካከለ ጠመንጃ ኒው ዮርክ ውስጥ ሊያሳስር ይችላል፤ እዚያ ብሬክም፣ ጥርስ ያለው በርሜልም፣ የሳንጃ ማያያዣም በተከለከሉት ውስጥ ናቸው። ሜሪላንድ የምትቆጥረው ከሦስት ነገሮች ሁለቱን ነው፦ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የቦምብ ወይም የብርሃን ምልክት መተኮሻና የብልጭታ ማፈኛ፤ የርዝመት ገደቧም 29 ኢንች ነው። ከዚያ ሌላ በስም የከለከለቻቸውም አሏት። ወደ ሲያትል ለሚሄዱ፦ የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እነዚህን መሣሪያዎች ማስገባትንም ከልክላለች። ለእያንዳንዱ ግዛት ሕጉን ለብቻ ያንብቡ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

«ሻጩ ለካሊፎርኒያ ይሆናል ብሎኛል» በሚል መተማመን። በሌላ ግዛት ያለ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ካዝናው ብቻ ነው። ተጠያቂው ደግሞ የያዘው ሰው ነው።

ክንፍ ያለውን እጀታ ገጥሞ የሚሳበውን ሰደፍ መርሳት። እጀታው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ሰው እሱን ቀይሮ የጨረሰ ይመስለዋል።

ለአመቺነት ሲባል የክንፉን ጠርዝ በሞረድ ማሳጠር። የአምራቹ መግለጫ የሚያገለግለው ላልተነካው ዕቃ ነው፤ ሞረድ የነካው እጀታ የእርስዎ ፈጠራ ይሆናል።

የወለቁትን ዕቃዎች ከጠመንጃው ጋር በአንድ ሣጥን መያዝ። እጀታና ማፈኛ ለብቻቸው የተከለከሉ አይደሉም፤ ሆኖም ከጠመንጃው ጎን ሲገኙ የሚያስነሱት ጥያቄ አይጠቅምዎትም። ለያይተው ያስቀምጡ ወይም ይሽጧቸው።

ለመተኮስ ወደ ኔቫዳ ሄዶ የድሮውን እጀታ መልሶ መግጠምና እንደዚያው አድርጎ መመለስ። ይህን የሚያደርጉ ካሉ መመለሻቸው ላይ፣ ገና ኔቫዳ ውስጥ እያሉ፣ ከ3 እስከ 9 ያሉትን ደረጃዎች እንደገና ይሥሩ፤ ድንበሩ ላይ ያለው የነዳጅ ማደያ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ አይደለም።